የስፖርት መኪናን ጭስ ማውጫ ከዳሽቦርድ በማብሪያ ማዘዝ፦ የሽቦ ሥራው ከነዝርዝሩ

በፋብሪካ ቫልቭ ያለው ማርሚታ (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ዕቃ) የተገጠመላቸው ስፖርት መኪናዎች መቼ እንደሚጮሁና መቼ ዝም እንደሚሉ የሚወስነው ኮምፒውተራቸው ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ቫልቩ ይዘጋና ጭሱ በማርሚታው ውስጥ ረጅሙን መንገድ ዞሮ ይወጣል። ዙሩ ከፍ ሲል ቫልቩ ይከፈትና ጭሱ በአጭሩ ያልፋል። ዳሽቦርድ ላይ የሚገጠመው ማብሪያ ይህን ውሳኔ ለሾፌሩ ይሰጠዋል፦ ሌሊት ሰፈር ሲገባ ወይም አዳማ ፍራንኮ አካባቢ በባጃጅ መሀል ሲያዘግም ዝግ፣ በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ክፍት፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ እንደ ፋብሪካው።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ የሚበላሸው ሁለት ጥያቄ ሳይመለስ ሲጀመር ነው። አንደኛ፣ ሽቦው ቢበጠስ ወይም ፊውዙ ቢቃጠል ቫልቩ ክፍት ነው የሚቀረው ወይስ ዝግ? ሁለተኛ፣ የገጠማችሁት ሁሉ ነገ ተነቅሎ መኪናው ወደነበረበት መመለስ ይችላል? በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እዚህ ያለ የቤንዚን ስፖርት መኪና በቀላሉ ምትክ አይገኝለትም። ስለዚህ ከፋብሪካ የመጣ ሽቦ አይቆረጥም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

የቫልቩን ዓይነት መለየት

መኪናው በደንብ ይቀዝቅዝ። በክሪክ ብቻ አታቁሙት፤ የብረት መደገፊያ እግር አድርጉለት። ከቫልቩ ዘንግ ጋር የተያያዘ ክብ የቆርቆሮ ሳጥንና ወደ እሱ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ካያችሁ በቫኪዩም (ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው መምጠጥ) የሚሠራ ነው። በቱቦው ፋንታ ሁለት ሽቦ ያለው ትንሽ ሞተር ከተቀመጠ በኤሌክትሪክ ነው። ሞተሩ ሦስትና ከዚያ በላይ ሽቦ ካለው ግን ቦታውን ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቅ ዓይነት ነው። ከዚህ በታች ባለው መንገድ አይታዘዝም፤ አትንኩት።

የቫኪዩሙ ዓይነት ላይ ቱቦውን የሚከፍትና የሚዘጋ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ መክፈቻ) አለ። በብዙዎቹ መኪናዎች ሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ቫኪዩሙን ወደ ሳጥኑ ይለቃል፣ ሳጥኑ ዘንጉን ይስባል፣ ቫልቩ ይዘጋል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ስፕሪንጉ ቫልቩን ይከፍተዋል። በአስተን ማርቲን ቪ8 ቫንቴጅ ባለቤቶች ዘንድ 22 ቁጥር ፊውዝን ነቅሎ መኪናውን ማስጮህ የተለመደው በዚሁ ምክንያት ነው። ፊውዝ ግን እየነዱ አይነቀልም፤ የነቀሉትም እስኪመልሱት ድረስ መኪናው ሁልጊዜ ይጮሃል።

የእናንተም መኪና እንደዚያ መሆኑን ሳትገምቱ ፈትኑ። ሞተሩ ሞቆ ዙሩ ከተረጋጋ በኋላ ከሶሌኖይዱ ወደ ሳጥኑ የሚሄደውን ቱቦ ሶሌኖይዱ ጋ ንቀሉ፤ አየር እንዳይስብ የሶሌኖይዱን አፍ በጎማ ክዳን ድፈኑ። ድምፁ ከጎረነነ ቫኪዩም ማጣት ቫልቩን ይከፍተዋል ማለት ነው። በቀዝቃዛ ሞተር የተደረገ ፈተና ያሳስታል፤ ብዙ ስፖርት መኪናዎች ጠዋት ሲነሱ ቫልቩን ራሳቸው ከፍተው ይቆያሉ።

ከፍታውን አትርሱ

አዳማ ከባሕር ወለል ከ1600 ሜትር በላይ ናት። በባሕር ጠረፍ አንድ ጤነኛ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ (የቫኪዩም መለኪያ ነው) ያሳያል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ገደማ ስለሚቀንስ፣ ያው ሞተር አዳማ ላይ ከ13 እስከ 16 ቢያሳይ ምንም አልሆነም። አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ 2 ኢንች ያህል ያጣል። አዳማ ላይ ለጥቂት የሚዘጋ ቫልቭ ወደ ላይ ሲወጣ በግማሽ ቀርቶ መንጫጫት ይጀምራል፤ ጥፋቱም አዲስ በተገጠመው ማብሪያ ላይ ይላከካል።

ስለዚህ ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት የቫኪዩሙን መንገድ አጽዱ። ሳጥኑን በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ 12 ኢንች ድረስ ስቡት፤ መርፌው ለአንድ ደቂቃ ካልወረደ ዲያፍራሙ (ውስጡ ያለው የጎማ ሽፋን) ደህና ነው። ፓምፕ ከሌለ ከመድኃኒት ቤት 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዝታችሁ በቱቦ አገናኙት። ዘንጉን እስከ መጨረሻው ላይስበው ይችላል፤ ሲንቀሳቀስና ይዞ ሲቆይ ግን ታያላችሁ። ጫፉ የተሰነጠቀ ቱቦ በሲሊኮን ቱቦ ይቀየር። ከሞተሩ የሚመጣው መስመር ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ መኖሩንም አረጋግጡ። እሱ ከሌለ ወይም ካረጀ ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር ቫኪዩሙ ይጠፋል፤ ማብሪያው ዝግ እያለ ቫልቩ ይከፈታል።

ሽቦው

ሶሌኖይዱ ሁለት ሽቦ አለው። የትኛው ምን እንደሆነ በቴስተር (ቮልትና ኦም በሚለካው መሣሪያ) ብቻ ለዩ። ጋራዥ ውስጥ በብዛት የሚሠራበት ባለ አምፖል መፈተሻ እዚህ አደገኛ ነው፤ 21 ዋት አምፖል ወደ 1.75 አምፔር ስለሚስብ ለግማሽ አምፔር የተሠራን የኮምፒውተር መውጫ ሊያቃጥል ይችላል። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። አንዱ ቀዳዳ ከሻንሲው (ከመኪናው ብረት አካል) ጋር ሲለካ 12 ቮልት ካሳየ ኮምፒውተሩ የሚያዘው በኔጋቲቭ በኩል ነው፤ አብዛኛው መኪና እንዲህ ነው። በየትኛውም 12 ቮልት ካላገኛችሁና ቁልፉ ተዘግቶ አንዱ ቀዳዳ ከሻንሲው ጋር ዜሮ ኦም ገደማ ካሳየ፣ ኮምፒውተሩ የሚያዘው በፖዘቲቭ ነው። ይህን ሳይለዩ መቀጠል አይቻልም፤ በተሳሳተው በኩል የተዘረጋ ሽቦ ሾርት ይፈጥራል።

የሶሌኖይዱን ኦምም ለኩ። ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 40 ይሆናል፤ ያ ማለት ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) አያስፈልግም፣ 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይበቃል። ሽቦው ግን ብዙ ክር ያለው የመኪና ሽቦ ይሁን። ለቤት ግድግዳ የተሠራው ባለ አንድ ክር ሽቦ በንዝረት ውስጥ ውስጡን ይበጠሳል፤ ላስቲኩ ደህና መስሎ ስለሚታይ ብልሽቱን ማግኘት ያደክማል። ሶሌኖይዱ ከኋላ ከሆነ 15 ሜትር ያዙ።

ማብሪያው ሦስት ቦታ ያለው፣ መሀል ላይ የሚጠፋ፣ ባለ ሦስት እግር ይሁን። ጀርባው ላይ 250 ቮልት ኤሲ ብቻ የተጻፈበትን ተዉት፤ 12 ቮልት ዲሲ የሚል ፈልጉ። አያያዙ እንዲህ ነው። የመሀሉ እግር ወደ ሶሌኖይዱ የትእዛዝ እግር (ኮምፒውተሩ ወደሚያዝበት) ይሄዳል። አንዱ የዳር እግር ከኮምፒውተሩ ከሚመጣው ሽቦ ጋር ይገናኛል፤ ማብሪያው እዚያ ሲሆን መኪናው እንደ ፋብሪካው ይሠራል። ሌላው የዳር እግር ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፤ ሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ ያገኝና ቫልቩ ዝግ ሆኖ ይቆያል። መሀል ላይ ሲቆም ምንም አይገናኝም፣ ቫልቩም ክፍት ነው። 12 ቮልቱ የፋብሪካው ስለሆነ አዲስ ፖዘቲቭ አትስቡም፣ ቁልፍ ሲዘጋም ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ በፖዘቲቭ የሚያዝ ከሆነ ግን ሻንሲ ላይ የሚታሰረው እግር በምትኩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር በ3 አምፔር ፊውዝ በኩል ይወሰድ። ፊውዙ ከሚወሰድበት ቦታ ከ20 ሴንቲ ሜትር አይራቅ።

የፋብሪካውን ሽቦ ላለመቁረጥ በመሀል የሚገባ ድልድይ ይሠራል። ከአሮጌ ሶሌኖይድና ከአሮጌ የሽቦ ጥቅል አንድ ወንድ አንድ ሴት ሶኬት ታገኛላችሁ። ትእዛዝ የማያልፍበት እግር በሁለቱ ሶኬቶች መካከል ቀጥታ ይያያዛል፤ የትእዛዙ ብቻ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ዳሽቦርድ ይሄዳል። ከሶሌኖይዱ ሁለት እግሮች መካከል 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) አድርጉ፤ ነጭ ቀለበት ያለው ጫፉ ወደ ፖዘቲቭ ይዙር። ማብሪያው ሲቋረጥ ከሶሌኖይዱ የሚፈናጠረውን ከፍተኛ ቮልቴጅ እሱ ስለሚውጠው የማብሪያው ጥርስ አይቃጠልም። ገልብጣችሁ ካሰራችሁት ግን ራሱ ሾርት ነው፣ ፊውዝ ይበላል።

መገጣጠሚያዎቹን በመያዣ ጨምቁ ወይም በስታኞ በይዱ፤ ላያቸው ላይ በሙቀት የሚጨማደድ ቱቦ አልብሱ። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለአዳማ ሙቀት አይሆንም። ሙጫው ይቀልጣል፣ ናስትሮው ይንሸራተታል፣ ሙጫው ላይ አቧራ ይለጠፋል፣ ከዚያ ዝናብ ሲመጣ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል።

ዳሽቦርዱ ጋ

የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱና ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ከመፍታታችሁ በፊት ሬዲዮው ኮድ የሚጠይቅ መሆኑን አረጋግጡ። በዳሽቦርድ ውስጥ ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ልባስ ያለው ሽቦ የኤርባግ ነው፤ አይነካም፣ አዲስ ሽቦም ከእሱ ጋር አይታሰርም። የጉልበት ኤርባግ ባለበት መኪና ማብሪያውን ከመሪው ሥር አታድርጉት።

ብዙ መኪናዎች ያልተገጠመ አማራጭ ቦታ የሚሸፍን ባዶ የፕላስቲክ ክዳን አላቸው። ትራፓኖ የሚገባው እሱ ላይ ነው፤ ነገ ሌላ ክዳን ገዝቶ መመለስ ይቻላል። የተለመደው ትልቁ ባለ ዘንግ ማብሪያ 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ ትንሹ 6 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። በ3 ሚሊ ሜትር ጀምራችሁ ደረጃ በደረጃ አስፉ፤ በአንዴ ትልቁን ካስገባችሁ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።

ሽቦው ወደ ኋላ ሲሄድ በበሩ ደፍ ፕላስቲክ ሥር ይለፍ። ወደ ሞተር ክፍል የሚገባ ከሆነ በነባሩ ጎሚኒ ውስጥ አሳልፉት። ባዶ ብረት ቀዳዳ ላይ ያለፈ ሽቦ ላስቲኩ ተልጦ ሻንሲውን መንካቱ አይቀርም። ከመሪው ዘንግና ከፔዳሎቹ አርቃችሁ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በፋሸታ እሰሩት። ከጭስ ቱቦው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ መቅረብ ግዴታ በሆነበት ቦታ ሙቀት የሚችል የፋይበር ልባስ ይጨመርበት። ተራ የመኪና ሽቦ 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ቱቦው ግን ብዙ መቶ ዲግሪ ይሞቃል።

የሞተር መብራት ቢበራ

አንዳንድ ኮምፒውተሮች ሶሌኖይዱ ከመስመር ሲወጣ ያውቁታል። መብራቱ ከበራ 100 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገድብ ዕቃ) ከኮምፒውተሩ ሽቦና ከ12 ቮልቱ መካከል ግጠሙ፤ በኔጋቲቭ ለሚያዘው ዓይነት ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሬዚስተሩ እስከ 2 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚያወጣ ብረት ላይ ይታሰር፤ ምንጣፍ ሥር አይቀበር። ሩብ ዋት የምትለዋን ትንሿን አታስገቡ፤ ትቃጠላለች።

ባለ ሁለት ሽቦ ሞተር ከሆነ

ከገበያ የሚገዛው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሲገለባበጥ ይከፈታል ወይም ይዘጋል። ሁለት ባለ አምስት እግር ሪሌ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ ሪሌው እግሮች ላይ የተጻፉት ናቸው፦ የሁለቱም 87 በ10 አምፔር ፊውዝ ወደ ፖዘቲቭ፣ የሁለቱም 87ኤ ወደ ሻንሲ፣ 30ዎቹ ወደ ሞተሩ ሁለት ሽቦዎች ይሄዳሉ። 85ቶቹ ሻንሲ ላይ ይታሰራሉ፤ 86ቶቹ ከማብሪያው ሁለት የዳር እግሮች ይመጣሉ። የማብሪያው የመሀል እግር በ3 አምፔር ፊውዝ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚሠራ መስመር ይውሰድ። ለሞተሩ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ተጠቀሙ።

ማብሪያው ጣት ሲነሳ ወደ መሀል የሚመለስ ዓይነት ይሁን። በአንድ በኩል ተጭኖ የሚቀር ከተገጠመ ቫልቩ ጫፍ ከደረሰ በኋላም ሞተሩ መግፋቱን ስለሚቀጥል ይቃጠላል። የዚህ ዓይነቱ ቫልቭ ስፕሪንግ ከሌለው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የነበረበት ላይ ይቀራል፤ ክፍት እያለ ከተበላሸ ክፍት ነው። መግጠሚያ ቦታውም ከካታሊቲክ (ጭሱን ከሚያጣራው ዕቃ) እና ከኋለኛው ኦክስጅን ሴንሰር በኋላ ይሁን። መውጫ አፉ ከወንበሩ ሥር እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ወለሉ ላይ ባለ ትንሽ ቀዳዳ ሁሉ ይገባል።

ሳይሠራ ሲቀር

ማብሪያው ዝግ ላይ ሆኖ ቫልቩ ካልተዘጋ መጀመሪያ ሶሌኖይዱ ላይ ቮልቴጅ ለኩ። 12 ካለና ሶሌኖይዱ ሲበራ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሽቦው ጨርሷል፤ ችግሩ ቱቦው ወይም ሳጥኑ ነው። 9 ወይም 10 ቮልት ብቻ ከደረሰ ማሳው (ሻንሲው ላይ የታሰረው ሽቦ) ቀለም ላይ ታስሯል፤ ብረቱ እስኪታይ ፋቁት። ሁሉም ደህና ሆኖ ዘንጉ በእጅ እንኳ ካልተንቀሳቀሰ ጥላሸት ይዞታል። የሞተር ዘይት አታድርጉበት፤ ይቃጠልና ይብስ ይጣበቃል። ደረቅ ግራፋይት ተጠቀሙ፣ ከዚያም በሳምንት አንዴ ጥቂት ጊዜ ክፈቱት ዝጉት።

ቫልቩ በደቂቃ ልዩነት ራሱን የሚከፍትና የሚዘጋ ከመሰላችሁ ማብሪያውን ከመቀየራችሁ በፊት ድልድዩ ላይ ያለውን ሶኬት ነቅንቁ። የአዳማ ንፋስ የሚያመጣው ደቃቅ አቧራ የላላ ሶኬት ውስጥ ይገባል፤ ከኋላ ጎማ ሥር ላለ ሶኬት የጎማ ማሸጊያ ያለው ዓይነት ከመጀመሪያው መግዛት ያዋጣል። ማብሪያው ላይ ትንሽ መብራት ካለች የምታሳየው ያዘዛችሁትን እንጂ ቫልቩ ያለበትን አይደለም። ለማረጋገጥ አንድ ሰው ማብሪያውን ሲቀያይር ሌላው ከኋላ ቆሞ ዘንጉን ይመልከት።