ከሰው የመጣ ቤት ጌሙን ሲያምሰው፦ የዘ ሲምስ ድብቅ ሞዶች፣ ምልክታቸውና መፍትሄያቸው

ደሴ ውስጥ በምሠራበት የኮምፒውተር ጥገና ቤት ዘ ሲምስ (ሰውና ቤት እየሠሩ የሚጫወቱት የኮምፒውተር ጌም) ተበላሸብኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚናገረው አንድ ነው፦ «ጌሙ ደህና ነበር፤ ጓደኛዬ የሠራችውን ቤት ሰጠችኝና ተበላሸ።» ቤቱ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይመጣል፤ አብሮት ደግሞ ማንም ያልጠየቀው ሞድ፣ ማለትም ተጫዋቾች ለጌሙ የሚሠሩት ጭማሪ፣ ይገባል። የምጽፈው በዋናነት ስለ ዘ ሲምስ 4 ነው፤ ስለ 3ኛውም ወደ ታች አለ። ጌሙን ዘግታችሁ ከፍታችኋል፣ ዲስካችሁ አልሞላም፣ ከፓች (ከጌሙ ማሻሻያ) በኋላ ጌሙ ራሱ የሚያጠፋውን የሞድና የስክሪፕት ፈቃድ ከሴቲንግ መልሳችሁ አብርታችኋል ብዬ ልነሳ።

ቤቱ ላይብረሪ ውስጥ አይታይም

አንድ ቤት አንድ ፋይል አይደለም። የላይብረሪው ቤትና ቤተሰብ በሚቀመጥበት ትሬይ ፎልደር ውስጥ ትሬይአይተም፣ ብሉፕሪንት እና ቢፒአይ የሚባሉ የምስል ፋይሎች አሉት። ቤተሰብ ከሆነ ትሬይአይተም፣ ሃውስሆልድባይነሪ፣ ኤችኤችአይ እና ኤስጂአይ ነው። ከቃለ አጋኖው ቀጥሎ ያለው ረጅም ቁጥር አንድ የሆነውን ሁሉ አብራችሁ ውሰዱ። አንድ በአንድ በቴሌግራም አትላኩ፤ ሁለቴ የወረደ ፋይል ስሙ ላይ በቅንፍ ቁጥር ይጨመርበታል፣ ጌሙም አያውቀውም። ዚፕ አድርጋችሁ ላኩ። ሁሉም ተሟልቶ ካልታያችሁ ላይብረሪው ላይ «አድቫንስድ» የሚለውን ክፈቱና ሲሲ (በተጫዋቾች የተሠራ ዕቃና ልብስ) ያለበትን እንዲያሳይ ምልክት አድርጉ።

ቤቱ አለ፣ ዕቃው የለም

ጋለሪ (ተጫዋቾች በኢንተርኔት ቤት የሚለዋወጡበት ቦታ) ላይ የተጫነ ቤት የሞድ ዕቃ ይዞ አይሄድም። ሰጪዋ የተጠቀመችበትን ሲሲ ለብቻው ካላገኛችሁ ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀራል ወይም በሌላ ዕቃ ይተካል። ልብሱ በጥያቄ ምልክት የተሸፈነ ከሆነ ደግሞ የተላከላችሁ ቀለሙ ብቻ ነው፤ ቅርጹን የያዘው ሜሽ ቀርቷል። ሜሹን ጠይቃችሁ አስልኩ።

ቤቱ አምሮ ገባ፣ ጌሙ ግን ተቃወሰ

ዋናው ይሄ ነው። ሲሞቹ (የጌሙ ሰዎች) ሊያበስሉ ምድጃው ድረስ ይሄዱና ሳይሠሩ ይመለሳሉ። ሰው ላይ ስትጫኑ ሜኑው አይከፈትም። ከታች ያሉት ቁልፎች ይጠፋሉ። ወይም ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስትሄዱ መጫኑ አያልቅም። ተቀባዩ ቤቱን ይጠረጥርና ያፈርሰዋል፤ ምንም አይለወጥም፤ ምክንያቱም ቤቱ ምንም አላደረገም። ጥፋቱ ያለው ከቤቱ ጋር በተገለበጠው የሞድስ ፎልደር ውስጥ ነው።

ሰጪዋ የትኛው ዕቃ የየትኛው ቤት እንደሆነ መለየቱ ሲታክታት ፎልደሩን እንዳለ ትገለብጠዋለች። አንድ ቡና ጠረጴዛና ሁለት መጋረጃ ለማስተላለፍ የብዙ ዓመት ጥርቅም ወደ ሰው ኮምፒውተር ይገባል። እባካችሁ፣ የሞድስ ፎልደራችሁን እንዳለ ለማንም አትስጡ። የሰጣችሁት ሰው ያስቀመጠውን ጨዋታ ሁሉ ሊያጣበት ይችላል።

በዚያ ጥርቅም ውስጥ መጀመሪያ የምፈልገው ስክሪፕት ሞድ ነው። ቲኤስፎርስክሪፕት የሚባለው ፋይል ዚፕ ነው፤ ውስጡ በፓይተን የተጻፈ ኮድ አለ። ዕቃ አይጨምርም፤ የጌሙን አሠራር ይለውጣል። ስለዚህ በዓይን አይታይም። ፓች በመጣ ቁጥር የጌሙ ኮድ ይቀየራል፣ የቆየ ስክሪፕትም የሌለ ነገር ይጠራል። የሰጪዋ ጌም አሮጌ የተቀባዩ አዲስ ከሆነ፣ እሷ ጋ ደህና የሚሠራው ሞድ እሱ ጋ ይሰብራል።

ከወልድያ የመጣ ተማሪ ሲሞቹ ምግብ አንስተው ወዲያው መሬት ያስቀምጡ ነበር። ጌሙን አጥፍቶ ደጋግሞ ጭኖታል። የሞድስ ፎልደር ያለው ዶክመንትስ ውስጥ፣ ኤሌክትሮኒክ አርትስ በሚለው ስር ስለሆነ ጌሙን ማጥፋት አይነካውም፤ እሱ ደግሞ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም። ከፍተን ስናይ የአንድ ሞድ ሁለት ዕትም ተቀምጧል፦ አንዱ እሱ ያወረደው አዲሱ፣ ሌላው ከጓደኛው ቤት ጋር የመጣ አሮጌ፣ «ሳሎን» የሚል ፎልደር ውስጥ። አሮጌውን ስናወጣ ሲሞቹ በሉ።

ስክሪፕት ፋይል ከሞድስ በታች ከአንድ ፎልደር በላይ ከጠለቀ ጌሙ አያነበውም፤ ፓኬጁ (ዕቃውንና ሌላውን መረጃ የያዘው ፋይል) ግን ይነበባል። ዚፕ ሲፈታ ፎልደር በፎልደር ሲሆን የሞዱ ቁልፍ ጌሙ ውስጥ ይታያል፣ ሲጫኑት ግን ምንም አይመጣም። ይህን ያየ ሰው ሞዱ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ዕትም ይጨምርበታል፤ ችግሩ እዚያ ይብሳል።

ሁለተኛው በአገራችን ዕቃ የሚሠሩ ልጆች ላይ ደጋግሜ የማየው ነው። ጀበና፣ መሶብ፣ በርጩማ የሚሠሩ ጎበዞች አሉ፤ ሥራቸውን እወደዋለሁ። ነገር ግን ሲምስ 4 ስቱዲዮ በሚባለው የሞድ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ሲጀምሩ አዲስ ሜሽ የሚለውን በመምረጥ ፈንታ ኦቨርራይድ የሚለውን ይመርጣሉ። ኦቨርራይድ አዲስ ዕቃ አይፈጥርም፤ የጌሙን ዕቃ ይተካል። አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ መጣችና «አያ፣ ከተማው በሙሉ ረከቦት ሆነብኝ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሀብታሙም ድሃውም ቤት፣ መናፈሻውም፣ ረከቦቱ የተካው የጌሙ ቡና ጠረጴዛ በነበረበት ሁሉ ሲኒ የተደረደረበት ረከቦት ቆሟል። ቤቱን ሰርዛዋለች፣ አዲስ ጨዋታ ጀምራለች፤ ረከቦቱ አልሄደም። ከሞድስ ፎልደሩ አንዲት ፓኬጅ ስናወጣ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ሠሪዎች ሆይ፣ አዲስ ሜሽ ብላችሁ ጀምሩ። ኦቨርራይድ ከሆነም በፋይሉ ስም ላይ ጻፉት።

ሦስተኛው የተዋሃደ ፋይል ነው። ጌሙ ቶሎ እንዲከፈት ብለው ብዙ ፓኬጅ በአንድ ያዋህዱታል። ለራስ ደህና ነው። ለሰው ሲሰጥ ግን ጥፋተኛው ከውስጥ አይለይም። በሲምስ 4 ስቱዲዮ የተዋሃደ ከሆነ እዚያው መልሶ መፍታት ይቻላል፤ ካልሆነ አውጡት፣ አትድከሙበት።

ጥፋተኛውን ሞድ ማግኛው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ያስቀመጣችሁት ጨዋታ ያለበትን ሴቭስ ፎልደር ሌላ ቦታ ገልብጡ። ይህን ሳታደርጉ ምንም አትንኩ። ሞድስን ወደ ዴስክቶፕ አውጡ፣ ሎካልተምካሽ ፓኬጅ የሚባለውን ፋይል ሰርዙ፣ ጌሙን ክፈቱ። ጌሙ አዲስ ባዶ ሞድስ ይፈጥራል። አዲስ ጨዋታ ጀምሩ፤ የቆየውን አትክፈቱ፣ ሞድ በሌለበት ከፍታችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ የሲሲ ልብስና ዕቃ ሁሉ ይወልቃል። ችግሩ ከጠፋ ጥፋተኛው ሞድ ነው። ከዚያ ግማሹን መልሱ። ካልመጣ ያ ግማሽ ንጹህ ነው፤ ከመጣ ያንኑ ለሁለት ክፈሉ። በየመሃሉ ያን የካሽ ፋይል ሰርዙ። ስክሪፕቱንና ፓኬጁን የያዘ ሞድ አትለያዩት፤ አንዱ ብቻውን ሲገባ ሌላ ስሕተት ያሳይና ያሳስታችኋል። ስክሪፕት ያለባቸውን መጀመሪያ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። ዘ ሲምስ 4 ፎልደር ውስጥ ላስትኤክሴፕሽን የሚባል የጽሑፍ ፋይል ካለ ክፈቱት፤ የሞዱ ስም ውስጡ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዘ ሲምስ 3 ከሆነ

ደከም ያለ ላፕቶፕ ያላችሁ እኤአ በ2009 በወጣው በዚህ ጌም ትጫወታላችሁ፤ እዚህ ድብቁ ነገር ይብሳል። ሲምስ3ፓክ የሚባለው ፋይል እንደ 4ኛው ሳይሆን ሲሲውን በሆዱ ይዞ ይሄዳል። ሰጪው ያልመረጠው የጨርቅ ንድፍና ጌጥ ሳይቀር አብሮ ይታሸጋል። በተበላሸ ኮዷ የታወቀች አንዲት አሻንጉሊት አለች፦ አንዴ ከገባች እናንተ ለሌላ በምትሰጡት ቤትና ሰው ሁሉ ላይ ራሷን ትለጥፋለች። ከመጫን በፊት ከስተርድ በሚባለው ፕሮግራም ፓኩን ክፈቱና ውስጡን አይታችሁ የማትፈልጉትን አስወግዱ። ከገባች በኋላ ከሆነ ዘ ሲምስ 3 የሚለውን ፎልደር ከዶክመንትስ ወደ ዴስክቶፕ አውጡ፣ ጌሙ አዲስ ይፍጠር፣ ከአሮጌው ሴቭስን ብቻ መልሱ። ዲሲካሽ የሚለውን አትመልሱ፤ በፓክ የተጫነው ሲሲ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ሌሎች

ሴቭ ሲያደርግ መብራት ጠፍቶ ጨዋታው ካልከፈተ ሞድ አትክሰሱ፤ 4ኛው ያለፉ ቅጂዎችን ይይዛል፣ ሴቭ ማንሻው ላይ ሪከቨር በሉ።

ፍላሹ ላይ ፎልደሮቹ ሾርትከት ከሆኑ ቫይረስ ነው፤ አትጫኗቸው።

ሞድ ነው ተብሎ የመጣ ኢኤክስኢ ፋይል በፍጹም አትክፈቱ። ስክሪፕት ሞድም ኮድ ስለሆነ ከማያውቁት እጅ አይወሰድም፤ እኤአ በ2024 መጀመሪያ በታወቁ የሞድ ድረ ገጾች ላይ ሳይቀር የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ ያለባቸው ተገኝተዋል። ሠሪው ራሱ ካስቀመጠበት ቦታ አውርዱ።

ለምትሰጡ

ትሬይ ኢምፖርተር በሚባለው ፕሮግራም ቤቱን ክፈቱ፤ ቤቱ የተጠቀመበትን ሲሲ በዝርዝር ያወጣላችኋል። እሱን ብቻ ከትሬይ ፋይሎቹ ጋር በአንድ ዚፕ አድርጉ። ስክሪፕት አትጨምሩ፤ የሚያስፈልግ ከሆነ ስሙን ጽፋችሁ ተቀባዩ ራሱ ያውርድ። የጌማችሁን ቨርዥን ቁጥርና የምትጠቀሙባቸውን ተጨማሪ ፓኮች በጽሑፍ ፋይል ዚፑ ውስጥ አስገቡ። ከመላካችሁ በፊት የራሳችሁን ሞድስ አውጥታችሁ፣ ዚፑን ብቻ ፈትታችሁ፣ ቤቱን በአዲስ ጨዋታ አስቀምጡና አንድ ሲም ገብቶ እስኪያበስልበት ድረስ ተመልከቱ።