«የይለፍ ቃሉ ተሳስቶ ይሆን?» የሚለው ፋይል እንዴት ተከፈተ

ለቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የእድር ኮሚቴ፦ ስካን የተደረገው መዝገብ በሁለት ላፕቶፖች አልከፈት ያለው የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ አይደለም። ሰቨን ዚፕ (ፋይል የሚያሽገውና በይለፍ ቃል የሚቆልፈው ፕሮግራም) የተመሰጠረ ፋይል ሲበላሽበትም የሚጠይቀው ያንኑ «የይለፍ ቃሉ ተሳስቶ ይሆን?» ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

በዋናው ፋይልና በፍላሹ ኮፒ ላይ በቀኝ ክሊክ፣ «ሲአርሲ ኤስኤችኤ» ከሚለው ውስጥ ኤስኤችኤ-256 (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ) ሲሰላ የሁለቱ 64 ፊደልና ቁጥር አልገጠመም። መጠናቸው ግን በባይት እኩል ነው! ፍላሹ ተጽፎ ሳያልቅ ተነቅሏል። «ኢጀክት» ሳይባል አይነቀል፤ መሃል ላይ መብራት እልም ቢልም ውጤቱ ያው ነው። እንደገና ተገልብጦ ቁጥሩ ሲገጥም አንዱ ላፕቶፕ ላይ ተከፈተ።

ሁለተኛው አሁንም እምቢ አለ። እዚያ ጥፋቱ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ መሆኑ ነው፤ የሚጻፈው በኮከብ ስለሚሸፈን አይታይም። «ሾው ፓስወርድ» ላይ ምልክት ሲደረግ ፊደሉ ወለል ብሎ ታየ።

እግረ መንገድ ፋይሉ በዚፕ ፈንታ በሰቨን ዜድ (የሰቨን ዚፕ የራሱ የፋይል ዓይነት)፣ በኤኢኤስ-256 ምስጠራ እንደገና ተሠራ፤ የፋይል ስሞችንም የሚመሰጥረው «ኢንክሪፕት ፋይል ኔምስ»ም ተመረጠ። ያ ካልተመረጠ ይዘቱ ቢቆለፍም «የአቶ እገሌ ውዝፍ» የሚለውን የፋይል ስም ማንም ያነበዋል። የይለፍ ቃሉ 6 የማይገናኙ ቃላት ነው። ለአምስቱም አባላት በአካል ይነገራል እንጂ ፋይሉ በሄደበት ቴሌግራም ፈጽሞ አይላክም። አንድ ሰው ከኮሚቴው ሲለቅ አዲስ ቃል ያለው አዲስ ፋይል ይሠራል፤ በእጁ የቀረውን አሮጌ ኮፒ ግን መልሶ መቆለፍ አይቻልም።