ኳንዳሪ ተራራ፦ የመንገዱና የበረዶው ሁኔታ በየወቅቱ

ኳንዳሪ ተራራ የሚገኘው ከዴንቨርና ከኦሮራ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ርቆ፣ ከብሬክንሪጅ ከተማ በስተደቡብ ነው። ከፍታው 4,350 ሜትር (14,270 ጫማ ገደማ) ሲሆን፣ በምሥራቁ ሸንተረር የሚወጣው የተለመደ መንገድ ደርሶ መልስ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ 1,050 ሜትር ሽቅብ ያስኬዳል። ገመድ አይጠይቅም፤ ስለዚህ በኮሎራዶ ከ14,000 ጫማ በላይ ካሉት ተራሮች ቀላሉ ነው እየተባለ ለጀማሪ ይመከራል። ቀላል የሚሆነው ግን ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ድረስ ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን እስከ ቀትር።

በየትኛው ወር ልውጣ ከሚለው ይልቅ በስንት ሰዓት ልመለስ የሚለው ጥያቄ ይቀድማል፤ እያንዳንዱ ወቅት የራሱ መመለሻ ሰዓት አለውና። ከዚህ በታች ያለው ሰዓት ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው፤ ከቡድናችሁ ጋር ስትቀጣጠሩም ይህንኑ አረጋግጡ። በኛው ሰዓት የተቀጠረና በስልኩ ሰዓት የተቀጠረ ሰው ማለዳ ላይ አይገናኙም።

መንገዱን በሦስት ከፍሎ ማወቅ ይጠቅማል፤ በረዶው በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው ክፍል ከ3,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ እስከ 3,550 ሜትር በደን ውስጥ ያልፋል። ጥላ ስለሚበዛበት በረዶው ዘግይቶ ይሟሟል፤ የተመላላሽ እግር የጠቀጠቀውም ወደ አንሸራታች ግግር ይለወጣል። ሁለተኛው ክፍል ዛፍ ካለቀበት ጀምሮ የሸንተረሩን ደቡባዊ ጎን ይዞ 4,000 ሜትር ላይ ወዳለው ሜዳማ ትከሻ ያደርሳል። ሦስተኛው ከትከሻው እስከ ጫፍ ያለው 350 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ አቀበት ነው። ከትከሻው ሲታይ ጫፉ ቅርብ ይመስላል፤ ብዙ ሰው መመለሻ ሰዓቱን የሚያሳልፈው በዚህ መምሰል ተታሎ ነው።

ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ጁን

በዚህ ወቅት በረዶው ቀን በፀሐይ ይሟሟል፣ ሌሊት ይጠጥራል። መፈራረቁ ለብዙ ቀናት ሲደጋገም ልል የነበረው በረዶ ይታመቅና ማለዳ ላይ እግር የማይሰምጥበት ጠንካራ ወለል ይሆናል። ጥሩ መሣሪያ ላለው ሰው ከድንጋዩ መንገድ ይልቅ ይህ ይመቻል። ችግሩ መንገዱ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የዞረ መሆኑ ነው፤ ገና ጎህ ሲቀድ ፀሐይ ያርፍበታል። ከጠዋቱ 9 ሰዓት ገደማ ላይኛው ቅርፊት ይላላል፣ ወደ ቀትር ሲጠጋ እግር እስከ ጭን ይሰምጣል። መስመጥ ድካም ብቻ አይደለም፤ ከበረዶው ሥር የተደበቀ ድንጋይ ቅልጥምን ይመታል፣ ጉልበትንም ይጠመዝዛል።

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የምትመለከቱት ዋና ነገር የሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው። ከተራራው አጠገብ በሁዢየር ማለፊያ፣ 3,475 ሜትር ገደማ ላይ፣ ስኖቴል የሚባል የመንግሥት የበረዶ መለኪያ ጣቢያ አለ። የሙቀት መጠኑንና የበረዶውን ጥልቀት በየሰዓቱ በኢንተርኔት ያወጣል፤ ከፍታውም ዛፉ ከሚያልቅበት ቦታ ጋር ተቀራራቢ ነው። ሌሊቱን ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ (32 ፋራናይት) በታች ለብዙ ሰዓት ከቆየ ወለሉ ጠጥሯል ማለት ነው። ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ካደረና ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ በረዶው አልጠጠረም፤ እንዲህ ባለ ቀን መውጣት ትርፉ ልፋት ነው፣ እርጥብ የበረዶ ናዳም ያሰጋል። መኪና ማቆሚያው አጠገብ ያለው በረዶ ላይ ቁሙና ፈትኑት፦ ጨለማው ሳይለቅ ከቁርጭምጭሚት በላይ ካሰመጣችሁ ወደ ቤት ተመለሱ።

መነሻ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ጫፍ 8 ሰዓት ተኩል፣ ዛፍ ውስጥ መልሶ መግባት እስከ 11 ሰዓት። ያላለቀ አቀበት ቢኖርም 9 ሰዓት ተኩል ላይ ዙሩ።

ጫማ ላይ የሚጠለቀው ባለ ሰንሰለት ጥርስ (ማይክሮስፓይክ) ለደኑና ለተጠቀጠቀው ዱካ ይበቃል። የመጨረሻው አቀበት ጠጥሮ ሲገኝ ግን ጥርሱ አጭር ስለሆነ አይነክስም፤ እዚያ ክራምፖን (ጫማ ላይ የሚታሰር ረጅም ጥርስ ያለው ብረት) እና የበረዶ መጥረቢያ ያስፈልጋሉ። መጥረቢያውን መያዝ ብቻውን አያድንም። የወደቀ ሰው በሆዱ ተገልብጦ፣ የመጥረቢያውን ጫፍ በደረቱ ክብደት ተጭኖ እንዴት እንደሚቆም አስቀድሞ አጭርና ከሥሩ ሜዳ በሆነ ቁልቁለት ላይ መለማመድ አለበት። ሲመለሱ በቂጥ መንሸራተት የሚወድ ካለ በመጀመሪያ ክራምፖኑን ያውልቅ፤ ጥርሱ በረዶ ሲይዝ ቁርጭምጭሚት ይሰበራል። ከጫፉ በስተደቡብ ወደ ብሉ ሌክስ ግድብ የሚወርደው ክሪስቶ የተባለው ጠባብ ስርጥ ከላይ ሲታይ ለመንሸራተት ይጋብዛል፤ ቁልቁለቱ ግን ከወጣችሁበት መንገድ በጣም የከፋ ነው፣ የሚያወርዳችሁም መኪናችሁ በሌለበት ሸለቆ ነው።

ጭቃ ሲያጋጥማችሁ መሃል መሃሉን ርገጡ። ከመንገድ ወጥቶ ሣሩ ላይ መሄድ ጫማ ያተርፋል፣ ግን በዚያ ከፍታ የተረገጠ ተክል ለማገገም አሥርት ዓመታት ይወስድበታል።

ጁላይና ኦገስት

በረዶው ተነስቶ መንገዱ ድንጋይና ጠጠር ይሆናል፤ ያኔ የሚያሰጋው መብረቅ ነው። ከጁላይ መጀመሪያ ወይም አጋማሽ ጀምሮ ከደቡብ የሚመጣ እርጥብ አየር ተራራው ላይ ሲሞቅና ሽቅብ ሲወጣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይፈጥራል፤ ማለዳ ብራ መሆኑ ምንም ዋስትና አይሰጥም። 10 ሰዓት ላይ ደመናው ወደ ጎን መስፋቱን ትቶ ሽቅብ ማደግ ከጀመረ ቀኑ አልቋል። 5 ሰዓት ተነሱ፣ በ11 ሰዓት የትም ብትሆኑ ዙሩ፣ በቀትር ዛፍ ውስጥ ሁኑ። ከዛፍ መስመር በላይ እያላችሁ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ሸንተረሩን ልቀቁ፣ ተራርቃችሁ ውረዱ፣ ከድንጋይ ጥግ ሥር አትጠለሉ። ምርኩዝ ሲያጉረመርም ወይም ፀጉር ሲቆም መብረቁ ሊወርድ ነውና ወዲያው መውረድ ነው። በዚህ ወቅት የሚወርደው የበረዶ ጠጠርም መንገዱን በደቂቃዎች ውስጥ ያነጣዋል፤ ቁልቁለቱ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው ይህን ረግጦ ነው።

የፍልሰታ ጾም (ከኦገስት 7 ጀምሮ) የሚውለው በዚሁ ምርጥ በሚባለው ወቅት ነው። ሳይበሉና ውኃ ሳይጠጡ እስከ ቀትር በኋላ በ4,000 ሜትር ላይ ሽቅብ መሄድ ራስን መሳት ያመጣል። ቀኑን ከፍልሰታ በፊት ወይም ከፍቺው በኋላ ማድረግ ይሻላል፤ በኛ ግምት ሴፕቴምበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ እንቁጣጣሽ አካባቢ፣ ከሁሉ የተመረጡ ናቸው። ነጎድጓዱ ይቀንሳል፣ በረዶውም ገና አልመጣም።

በበጋው ወራት የመነሻው መኪና ማቆሚያ አስቀድሞ ተይዞ የሚከፈልበት ነው፤ ካልያዛችሁ ከብሬክንሪጅ የሚነሳውን አውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገዱ ላይ የሚያጋጥሟችሁ ነጫጭ የተራራ ፍየሎች ጨው ፍለጋ ወደ ሰው ይጠጋሉ። አታብሏቸው፣ አትንኳቸው፣ ሽንታችሁንም ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ ሽኑ፤ የሚከተሉት እሱን ነው።

ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር

አዲስ በረዶ በድንጋዩ ላይ ስስ ሆኖ ይተኛል። ለስኖውሹ (በበረዶ ላይ ለመራመድ ለሚታሰረው ሰፊ ጫማ) አይበቃም፣ እግር ግን በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያስገባል። ጉዞው በግማሽ ስለሚዘገይ በዚያው ልክ ቀድማችሁ ተነሱ። ማይክሮስፓይክ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል

የኮሎራዶ በረዶ ደካማነቱ ከሥሩ ይጀምራል። በኦክቶበርና በኖቬምበር የሚወርደው በረዶ ስስ ነው፤ መሬቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ የተጠጋ፣ ከላዩ ያለው አየር ደግሞ እጅግ ቀዝቃዛ ይሆናል። በዚህ ልዩነት ምክንያት እንፋሎት በበረዶው ውስጥ ሽቅብ ሲያልፍ ፍሬዎቹ እየተለቁ እንደ ስኳር የማይያያዙ ይሆናሉ። በኋላ ነፋስ ያመጣው ከባድ በረዶ በዚህ ልል ንብርብር ላይ ይጫናል፤ የሰው ክብደት ሲጨመርበት ላይኛው ንጣፍ በአንድነት ተሰንጥቆ ይወርዳል። በሲያትል አካባቢ ባሉት ተራሮች የለመዱ ሰዎች ይህን ያዙልኝ፦ የባሕሩ ጠረፍ በረዶ ወፍራምና ለዜሮ የቀረበ ስለሆነ ቶሎ ይረጋጋል፤ የዚህኛው ድክመት ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል።

አደገኛው ተዳፋት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያለው ነው። በስልክ ማዘንበያ መለኪያ ምርኩዛችሁን በረዶው ላይ አጋድማችሁ ለኩ። ከሥሩ ማለፍም ከላዩ የመሄድ ያህል ያሰጋል፤ ናዳውን ሜዳ ላይ ሆኖ መቀስቀስ ይቻላልና። ከእግራችሁ ሥር እንደ መስመጥ ያለ ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ስንጥቅ ሲሮጥ ካያችሁ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ። በእነዚህ ወራት የበጋውን ጎናዊ መንገድ ተዉትና ዛፉ እንዳለቀ የሸንተረሩን አናት ያዙ፤ ነፋሱ በረዶውን ከአናቱ ጠርጎ ወደ ጎን ስለሚከምረው አናቱ ይሻላል። ወደ ጫፉ ጠርዝ ግን አትጠጉ፣ ከሥሩ ባዶ የሆነ ተንጠልጣይ በረዶ ሊሆን ይችላል።

የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ ከ1 እስከ 5 ደረጃ የሚሰጥ ትንበያ ያወጣል። ያለ ሥልጠና የምትወጡ ከሆነ 1 ባለበት ቀን ብቻ ሂዱ። 3 ቁጥር መካከለኛ ይመስላል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ግን የሞቱት በዚህ ደረጃ ቀን ነው። በናዳ የተቀበረን ሰው ለማግኘት የምልክት ማስተላለፊያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ በእያንዳንዱ ሰው እጅ መኖር አለባቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሁለቱ አይጠቅሙም።

ከናዳው ቀጥሎ ነፋሱ ነው። 15 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ሰውነት የሚሰማው 29 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው፤ የተጋለጠ ቆዳ በ10 እስከ 30 ደቂቃ በብርድ ሊጎዳ ይችላል። ትንበያውን የምታዩት ለብሬክንሪጅ ሳይሆን ለጫፉ ይሁን። ከተማው ከጫፉ 1,400 ሜትር ዝቅ ስለሚል 9 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ነፋሱ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ከተባለ ሌላ ቀን ምረጡ። በዲሴምበር ፀሐይ 5 ሰዓት ሳይሞላ ስለምትጠልቅ 1 ሰዓት ላይ ወደ ታች ዞራችሁ መገኘት አለባችሁ።

ልብስ፣ ምግብና ከፍታ

ከጥጥ የተሠራ ነገር ሁሉ፣ ካልሲና የውስጥ ልብስ ጭምር፣ ቤት ይቅር፤ ላብ ይዞ ያቀዘቅዛል። ጋቢው መኪና ውስጥ ይጠብቅ። ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከሥር፣ ነፋስ የማያስገባ ከላይ፣ ሁለት ጥንድ ጓንት። ጥቁር መነጽር በረዶ ባለበት ሁሉ ግዴታ ነው፤ ነጸብራቁ ዓይን ያቃጥላል፣ ሕመሙም የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ማታ ነው።

በበጋ 3 ሊትር ውኃ። በብርድ ባለ ቱቦው የውኃ ከረጢት በቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ስለሚረጋ ተዉትና ኮዳ ያዙ፤ ገልብጣችሁ አስቀምጡት፣ ውኃ መርጋት የሚጀምረው ከላይ ነውና አፉ አይዘጋም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በብርድ አይጠጥሩም፤ ጭኮ ደግሞ ለከባድ አቀበት የሚሆን ስብና ጉልበት አለው።

አዲስ አበባ አድጌያለሁ፣ ከፍታ ለምጃለሁ ማለት አያዋጣም፤ ሰውነት ያንን መላመድ ዝቅተኛ ቦታ ሲኖር በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል። ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ የሚመጣ እንግዳ ብሬክንሪጅ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይደር። ራስ ምታት ሲጀምር ማረፍ ይቻላል፤ ማስታወክ ወይም መንገዳገድ ከተጨመረበት መድኃኒቱ መውረድ ነው። ጭጋግ ከሸፈናችሁ ሸንተረሩን ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ ብቻ ውረዱ፤ ወደ ምዕራብ ያለው ሸንተረር ገደላማ ነው።

አደጋ ሲደርስ 911 ከመደወል በገንዘብ ፍርሃት አትዘግዩ። በኮሎራዶ የተራራ ፍለጋና ማዳን ቡድኖች አያስከፍሉም፤ የሚያስከፍለው የአምቡላንስ ሄሊኮፕተር ነው።

መኪናውንም አትርሱ። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በሞሪሰንና በዶትሴሮ መካከል ባለው ኢንተርስቴት 70 ላይ በሁለት ጎማ የሚነዳ መኪና የበረዶ ምልክት ያለበት ጎማ ወይም ሰንሰለት ሊኖረው ይገባል፤ የጎማው ጥርስም ቢያንስ 4.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ዴንቨር መመለስ ሁለቱን ሰዓት አራት ስለሚያደርገው ከተቻለ በሥራ ቀን ውጡ።