የመንተባተብ ሕክምና ሥልጠና፦ ለንግግር ሕክምና ባለሙያዎች የተዘጋጀ መመሪያ

አንድ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያ በዩኒቨርሲቲ ቆይታው ስለ መንተባተብ የሚማረው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ኮርስ አይበልጥም፤ የሚንተባተብ ሰው በአሠልጣኝ ፊት አክሞ ሳያውቅ የሚመረቅም አለ። እንዲህ ያለው ባለሙያ የመጀመሪያው ታካሚ ሲመጣበት ማንም ሰው ሊሰጠው የሚችለውን ምክር፣ ማለትም «ቀስ በል፣ ተረጋጋ፣ ትንፋሽ ውሰድ» የሚለውን ይዞ ይቀርባል፤ ታካሚው ግን ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ከዘመድ፣ ከመምህርና ከጎረቤት ሲሰማው ኖሯል። ይህ ጽሑፍ በሙያው ላይ ላሉና በመንተባተብ ሕክምና ራሳቸውን ማጠናከር ለሚፈልጉ፣ በተለይም በአማርኛ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ሥልጠናው አስቀድሞ ጆሮን፣ ቀጥሎ የባለሙያውን የራሱን አንደበት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የሕክምና ዘዴዎችን ይዞ እንዲሄድ እመክራለሁ፤ ብዙ አጫጭር ሥልጠናዎች ግን ከመጨረሻው ይጀምራሉ።

ከሁሉ በፊት ግን መሠረታዊ እውቀቱ መስተካከል አለበት። መንተባተብ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ቃላትን ማገጣጠም በሚጀምርበት ወቅት ብቅ ይላል። ከልጆች ከ5 እስከ 8 በመቶ የሚሆኑት በዚህ ያልፋሉ፤ ከጠቅላላው ሕዝብ ግን 1 በመቶ ያህሉ ብቻ አብሮት ይኖራል፤ በአዋቂዎች ዘንድ በወንዶች ላይ በሴቶች ላይ ከሚታየው አራት እጥፍ ገደማ ይታያል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኤሁድ ያይሪና ኒኮሊን አምብሮስ ልጆችን ለዓመታት ተከታትለው እንዳሳዩት፣ ከሚንተባተቡ ሕፃናት ከአራት ሦስቱ ገደማ በጊዜ ሂደት ይተዋቸዋል። ስለዚህ ባለሙያው የትኛው ልጅ በክትትል ብቻ ሊቆይ እንደሚችልና የትኛው ቶሎ ሕክምና እንደሚያስፈልገው መለየት ይኖርበታል፤ በቤተሰብ ውስጥ መንተባተቡ ሳይተወው ያደገ ሰው መኖሩ፣ ልጁ ወንድ መሆኑ፣ ችግሩ ከዓመት በላይ መቆየቱ፣ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ መጀመሩ፣ ሌሎች የድምፅ አወጣጥ ችግሮች አብረው መታየታቸው እንዲጠነቀቁ የሚያደርጉ ምልክቶች ናቸው።

ስለ መንስኤው ቤተሰብ ለሚያነሣው ጥያቄ መልስ ይዘው መቅረብ አለብዎት። ወላጆች ብዙ ጊዜ ድንጋጤን፣ የሰው ዓይንን፣ ሌላውን መኮረጅን ወይም የራሳቸውን ቁጣ እንደ ምክንያት ያነሣሉ። እውነቱ መንተባተብ በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ዝንባሌ ያለውና ከአንጎል የንግግር ቅንብር ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች በፓኪስታን ቤተሰቦች ላይ ከጀመሩት ጥናት ተነሥተው ከመንተባተብ ጋር የተያያዙ ሦስት ጂኖችን ይፋ አድርገዋል። በሙያችን ታሪክ ወላጅን ጥፋተኛ ያደረገ ዘመን እንደነበረ መዘንጋት የለበትም። በ1939 በአይዋ ግዛት በዌንደል ጆንሰን መሪነት በሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ደኅና ይናገሩ የነበሩ ወላጅ አልባ ልጆች ጭምር «ንግግራችሁ ችግር አለበት» እየተባሉ ተነቅፈዋል፤ ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ የጠየቀው በ2001 ነው። ይህ ታሪክ በእያንዳንዱ ሥልጠና የመጀመሪያ ቀን መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ልጁ የሚሰማው ነቀፋ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ያሳያልና። ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም ካሉ፣ እምነታቸውን ሳይነኩ ሕክምናው ጎን ለጎን እንዲሄድ መስማማት ይቻላል።

ወደ ጆሮ ሥልጠና እንምጣ። የመንተባተብ ዋና ምልክቶች ሦስት ናቸው፤ ድምፅን ወይም የቃልን ክፍል መደጋገም፣ ድምፅን መጎተት፣ እንዲሁም አፍ ለመናገር ተዘጋጅቶ ድምፁ ታፍኖ መቅረት። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላሉ፤ በአማርኛ ንግግር ውስጥ ለይቶ መቁጠር ግን ልምምድ ይጠይቃል፤ ለእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መልመጃዎችም እዚህ ላይ ብዙ አይረዱም። በመጀመሪያ ደረጃ አማርኛ ተነባቢን ማጥበቅ ያውቃል። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ሲሆን፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ በጠበቀው ላይ የሚሰማው የ«ን» ርዝመት የቋንቋው እንጂ የመንተባተብ አይደለም። ባለሙያው ርዝመቱ ከተለመደው መጥበቅ ማለፉን፣ በከንፈር፣ በምላስ ወይም በአንገት ላይ መወጠር መታየቱን አይቶ ይወስናል። እንደዚሁም «ሰባበረ»፣ «ትልልቅ»፣ «ቶሎ ቶሎ» የሚሉት ድግግሞሾች ሰዋስው ናቸው፤ «ሰ-ሰ-ሰበረ» የሚለው ግን አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የክፍለ ቃል ቆጠራ ነው። የመንተባተብ መጠን የሚለካው ከተነገሩት ክፍለ ቃላት ስንቱ ላይ እንደተንተባተበ በመቶኛ በማስላት ነው፤ ለዚህም ቢያንስ 300 ክፍለ ቃላት ያለው የንግግር ናሙና ያስፈልጋል። ፊደላችን ለዚህ ሥራ አመቺ ቢመስልም ሳድስ ፊደላት ብዙ ጊዜ አናባቢ ሳይሰማባቸው ስለሚነገሩ ያሳስታሉ፤ «ተማሪ» በሦስት ፊደል ተጽፎ ሦስት ክፍለ ቃል ሲሆን፣ «ትምህርት» ግን በአምስት ፊደል ተጽፎ ሲነገር ሁለት ብቻ ነው። ፊደል የሚቆጥር ባለሙያ መጠኑን ከእውነቱ አሳንሶ ይመዘግባል። ስለዚህ በጆሮ ብቻ፣ በጣት እየመቱ መቁጠርን ይልመዱ።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል፤ እሱም የተሸሸገ መንተባተብ ነው። «እንትን» የማይል አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ቃሉ ለጊዜው የጠፋበት ሁሉ ይለዋል። የሚንተባተብ ሰው ግን ቃሉን እያወቀው፣ እንደሚይዘው ስለሚሰማው ብቻ «እንትን» ብሎ ሊያልፈው ወይም በሌላ ቃል ሊለውጠው ይችላል። የሰው ስም በሌላ ቃል ስለማይተካ ብዙዎች በራሳቸው ስም ላይ ክፉኛ ይንተባተባሉ። በናሙናው ላይ አንድም መንተባተብ ሳይሰማ ቀኑን ሙሉ በሽሽት የደከመ ሰው ሊኖር ይችላልና፣ ከቆጠራው ጋር «የትኛውን ቃል ተውከው? ምን ልትል ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከምዘናው ክፍል አንዱ መሆን አለበት። የመንተባተብ ክብደት መለኪያው ድግግሞሽን፣ የሚቆይበትን ጊዜና የአካል እንቅስቃሴን ይመዝናል፤ በአሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች በያሩስና በክዌሳል የተዘጋጀው መጠይቅ ደግሞ ችግሩ በሰውየው ኑሮ ላይ ያደረሰውን ይጠይቃል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ የተለያየ መልስ ይሰጣሉ፤ ሲለያዩ እኔ ለሁለተኛው አመዝናለሁ።

የጆሮ ልምምዱን እንዲህ ያደራጁት። ከታካሚው ወይም ከወላጁ የጽሑፍ ፈቃድ ተቀብለው አጫጭር ቪዲዮዎችን ይቅረጹ፤ ከሥራ ባልደረባዎ ጋር አንዱን ቅጂ ለየብቻ ቆጥራችሁ ውጤቱን አስተያዩ። የተስማማችሁበትን ለጠቅላላው፣ ማለትም ለተስማማችሁበትና ላልተስማማችሁበት ድምር አካፍላችሁ በመቶ ስታባዙ ከ80 በታች ከመጣ፣ ውጤቱን ለሕክምና ውሳኔ አትጠቀሙበት። ያልተስማማችሁባቸውን ቦታዎች መልሶ አብሮ ማየት ከማንኛውም ንግግር ይበልጥ ያስተምራል።

ቀጥሎ የሚሠለጥነው የባለሙያው አንደበት ነው። በዚህ ሙያ ከጥንት ጀምሮ የሚሰጥ አንድ ልምምድ አለ፤ ባለሙያው ራሱ በማያውቁት ሰዎች ፊት ሆን ብሎ ይንተባተባል። በአዲስ አበባ ለዚህ ከሚኒባስ ታክሲ የተሻለ ቦታ አላውቅም። «ወራጅ አለ» ለማለት ያለው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ መኪናው እየሄደ ነው፤ ሰው ሁሉ ይሰማል፤ ቃሉንም በሌላ መለወጥ አይቻልም። በ«ወ» ላይ ድምፅዎን አፍነው ይቆዩና የረዳቱን ፊት፣ የራስዎን የልብ ምት፣ ከዚያም መውረጃውን አልፎ ለመውረድ የሚመጣብዎትን ፈተና ያስተውሉ። በስልክ «ሀሎ» በማለት፣ ሱቅ ላይ ዕቃ በመጠየቅ፣ ለእንግዳ ሰው ስምዎን በመናገር ይድገሙት። ዓላማው የሰውየውን ሕይወት ኖሩት ለማለት አይደለም፤ እርስዎ ከታክሲው ሲወርዱ መንተባተቡ ይቀራል፣ የእርሱ ግን አይቀርም። ሆኖም ታካሚውን «ዛሬ ሄደህ በፈቃድህ ተንተባተብ» ብሎ የሚያዝ ባለሙያ አስቀድሞ ራሱ ሊያደርገው፣ በኋላም ከታካሚው ጋር አብሮ ወጥቶ ሊያደርገው ይገባል።

ዝምታም የዚሁ ሥልጠና አካል ነው። በአገራችን ለተቸገረ ሰው ቃሉን መጨረስ እንደ ርኅራኄ ይቆጠራል፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ደግሞ አድማጩ ቀድሞ ለመገመትና ለመሙላት ይቸኩላል። በቅጂዎ ላይ የታካሚው ድምፅ ሲታፈን ስንት ጊዜ ዐይንዎን እንደሰበሩ፣ ስንት ጊዜ ራስዎን በመነቅነቅ እንዳጣደፉት ይቁጠሩ። ዕድሜው ከእርስዎ የሚበልጥ ሰው ሲመጣ በ«እርስዎ» ማነጋገርዎን አይተዉ፤ መንተባተብ አዋቂን እንደ ልጅ ማነጋገርን ሊጋብዝ ይችላልና። እናት ወይም ባለቤት አብራ ከመጣችም ጥያቄው ለራሱ ለታካሚው ይቅረብ።

ወደ ሕክምና ዘዴዎች ስንመጣ፣ ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በማስረጃ ከተደገፉት አንዱ በሲድኒ አውስትራሊያ የተጀመረው የሊድከም ፕሮግራም ነው። ሕክምናውን የሚሰጠው ወላጁ ሲሆን ባለሙያው በየሳምንቱ ያሠለጥነዋል፤ ወላጁ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከልጁ ጋር እየተጫወተ ያለ መንተባተብ የተነገረውን ያመሰግናል፣ አልፎ አልፎ ብቻ የተንተባተበውን ቃል እንዲደግመው በእርጋታ ይጠይቃል፣ የቀኑን ክብደትም ከ0 እስከ 9 ይመዘግባል። በ2005 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመው የኒውዚላንድ ጥናት ውጤታማነቱን አሳይቷል፤ በ2015 የወጣው የኔዘርላንድ ጥናት ደግሞ በልጁ ላይ ያለውን ጫና ከሚቀንሰው ሌላ ዘዴ ጋር አወዳድሮ ከ18 ወር በኋላ በውጤት አልለያቸውም። ስለዚህ በአንዱ ዘዴ ስም አይሟገቱ። ወደ አማርኛ ሲያመጡት የማመስገኛውን ቃል ከእናቲቱ አንደበት ይውሰዱ፤ «ጎሽ፣ ይቺን እንዴት አሳምረህ አልካት» የምትል እናት የተተረጎመ ዓረፍተ ነገር አያስፈልጋትም። ቀን ልጁን የምትይዘው አያቱ ወይም ሠራተኛዋ ከሆነች እርሷም ትሠልጥን፤ አለበለዚያ አንዱ የሚያመሰግነውን ሌላው ሲነቅፈው ይውላል።

ለአዋቂዎች አሜሪካዊው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ቻርልስ ቫን ራይፐር፣ ራሱም ይንተባተብ የነበረ ሰው፣ የተወልን መንገድ ዛሬም መሠረት ነው። ታካሚው ከተንተባተበበት ቃል በኋላ ቆም ብሎ ቃሉን ባነሰ ውጥረት ይደግመዋል፤ ሲለምድ በመንተባተቡ መካከል እያለ ውጥረቱን ማላላት ይማራል፤ በመጨረሻም ቃሉን ከመጀመሩ በፊት ይዘጋጃል። ንግግርን በመጎተትና በለስላሳ አጀማመር የሚሠሩ ዘዴዎችን ግን ወደ አማርኛ በጥንቃቄ ያምጧቸው። እንደ «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» ያሉ ጉሮሮ ተዘግቶ የሚወጡ ድምፆችን «አለስልስ» ቢሉት «ጠራ» የሚለው «ተራ» ይሆናል፤ ተነባቢን መጎተትም ከመጥበቅ ጋር ይጋጫል። የአናባቢ ርዝመት ግን በአማርኛ ትርጉም አይለውጥም። ስለዚህ ተነባቢውን አጭር አድርጎ አናባቢውን መዘርጋት የተሻለ እንደሚሆን አስባለሁ፤ ከሁሉ በፊት በራስዎ አንደበት ይሞክሩት።

የሚከፈልበት ሥልጠና ሲመርጡ የምስክር ወረቀቱን አስቀድመው አይመልከቱ። በአሜሪካ በንግግር ፍሰት ችግሮች የቦርድ ስፔሻሊስትነት ዕውቅና፣ በአውሮፓም የዩኒቨርሲቲዎች ጥምረት የሚሰጠው ልዩ ሥልጠና አለ፤ የሊድከም ሥልጠና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ቀን ነው። የሚጠየቁት ጥያቄዎች፣ ከሥልጠናው በኋላ የራሴን ታካሚ ቅጂ የሚያይልኝ ሰው አለ ወይ፣ የሚንተባተቡ ሰዎች ያስተምራሉ ወይ የሚሉት ናቸው። «በሳምንት ውስጥ ፈጽሞ እናድናለን» ከሚል፣ መድኃኒት ከሚሸጥም ይራቁ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለመንተባተብ ያጸደቀው መድኃኒት የለም። በአገር ውስጥ የቅርብ አሠልጣኝ ማግኘት ስለሚከብድ፣ በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሌላ አገር ከሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች ጋር በቪዲዮ መገናኘት ጥሩ መፍትሔ ነው። እነርሱም በምላሹ ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆችን ጉዳይ ያመጣሉ፤ መንተባተብ ስለታየ አማርኛውን ከቤት ማስወጣት እንደማያስፈልግ ለወላጆች ሊነገራቸው ይገባል።

ሥራውን ሲጀምሩ ታካሚ አያብዙ፤ አንድ ሕፃን፣ አንድ የትምህርት ቤት ልጅና አንድ አዋቂ ይበቃሉ። በአዋቂነቱ ድንገት መንተባተብ የጀመረ ሰው ከመጣ ግን የሚቀድመው የነርቭ ሐኪም ምርመራ ነው። የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ቀን ቅጂ ያስቀምጡ፤ መንተባተብ ከሕክምና በኋላ የመመለስ ጠባይ ስላለው ሕክምናው ሲያልቅ የሦስት፣ የስድስትና የአሥራ ሁለት ወር ቀጠሮ ዕለቱኑ ይስጡ፤ በቀጠሮውም ከክሊኒክ ውጭ፣ በስልክና በሥራ ቦታ የተቀረጸ ንግግር ይጠይቁ።