የድሮ የማዕድንና የድማሚት መሣሪያዎችን ሲለዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶችም ሆነ በእንግሊዝ ኮርንዎል የድሮ ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ የማዕድን ቆፋሪዎች መሣሪያ አይጠፋም። ሻጩ ግን ብዙ ጊዜ በስሙ ተሳስቶ ነው የሚሸጠው። ዕቃው ምን እንደነበር የሚመሰክሩት የሚሠራበት ጫፉና ያረጀበት ቦታ ናቸው። ስለዚህ ከተለጠፈው ወረቀት በፊት እነሱን ይመልከቱ።

የተዘጋ ቆርቆሮ ከፍቶ ማየት

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ድማሚት የሚያስነሱት ካፖች የሚሸጡት በትንንሽ ቆርቆሮ ሣጥን ነበር፤ ሣጥኑም ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋል። ካፑ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ አንድ ጫፉ የተደፈነ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቱቦ ነው። ዕድሜው አያበርደውም፤ እንዲያውም ሲያረጅ ይበልጥ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ሣጥኑ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ካለ አይነቅንቁት፣ አይክፈቱት፣ ወደ ሌላ ቦታም አይውሰዱት። ራቅ ብለው ፖሊስ ይጥሩ። ላዩ ላይ ቅባት ወይም ነጭ ብናኝ የወጣበት የድማሚት ዱላ ሲያዩም እንዲሁ ያድርጉ።

የካፕ ፒንሳን ከኤሌክትሪክ ፒንሳ ጋር ማምታታት

ካፑን ከፊውዙ፣ ማለትም እሳቱን ወደ ካፑ ከሚያደርሰው ገመድ ጋር አጥብቆ የሚያይዘው ፒንሳ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ለመለየት ሦስት ነገር ይዩ።

መጀመሪያ አፉን ሙሉ በሙሉ ዘግተው ወደ ብርሃን ያዙት። የካፕ ፒንሳ ከሆነ ሁለቱ ከንፈሮች ቢገጥሙም መሃላቸው ክብ ቀዳዳ ይቀራል። የቀዳዳው ጠርዝ ቀጭን ነው፤ ቱቦው ላይ ጠባብ ቀለበት እየሠራ የሚያጠብቀው እሱ ነውና። ቀጥሎ እጀታዎቹን ይመልከቱ፤ አንደኛው ድማሚቱን ለመብሳት እንደ ወስፌ የሾለ፣ ሌላው እንደ ካቻቢቴ የተጠፈጠፈ ይሆናል። በመጨረሻ ፊውዝ የሚቆርጠውን ስለት ይፈትሹ። ዊሊያም ቢክፎርድ በ1831 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮርንዎል ውስጥ የፈጠረው ፊውዝ በክር የተሸመነና መሃሉ ባሩድ ያለበት ለስላሳ ገመድ ስለሆነ ስለቱን አይሸርፍም። ስለቱ ላይ ግማሽ ክብ የሚመስሉ ሽርፎች ካሉ፣ ከማዕድኑ ከወጣ በኋላ ሰው ሽቦ ቆርጦበታል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወርዳል። የሾለው እጀታ በግራይንደር ተቆርጦ ያጠረበትም ብዙ ነው። ስለዚህ የሁለቱን እጀታዎች ርዝመት ያነጻጽሩ።

የተቀረጸውን ስም የሠሪው አድርጎ መውሰድ

ፒንሳው ላይ «ዱፖንት»፣ «አትላስ» ወይም «ሄርኩለስ» ተብሎ ቢገኝ ስሙ የፈንጂው ሻጭ ነው፤ ብረቱን የሠራው ሌላ የመሣሪያ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። ዘመኑንም በስሙ ብቻ አይወስኑ። ዱፖንት በፍርድ ቤት ውሳኔ ተከፋፍሎ አትላስና ሄርኩለስ ራሳቸውን የቻሉ ኩባንያዎች የሆኑት በ1912 ቢሆንም፣ ሄርኩለስ የሚለው የድማሚት ስም ከ1870ዎቹ ጀምሮ ገበያ ላይ ነበር።

ረጅም ብረት ሁሉ የባሩድ መጠቅጠቂያ ነው ማለት

ተራ ዲጂኖ «የማዕድን መጠቅጠቂያ» ተብሎ በውድ ሲሸጥ ማየት ያሳዝናል። በዲጂኖ አፈር ይቆፈራል፣ ድንጋይ ይፈነቀላል፤ ጫፉም ስለት አለው ወይም የተጠፈጠፈ ነው። መጠቅጠቂያ ግን በድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ባሩድ የሚታመቅበት ስለሆነ፣ ባሩዱ ላይ የሚያርፈው ጫፉ ደንዳና መሆን አለበት። ብረት ከድንጋይ ጋር ተፋጭቶ ብልጭታ ስለሚያወጣ፣ ጥንቃቄ ባለበት ቦታ ጫፉን መዳብ ወይም ነሐስ ያደርጉት ነበር፤ ለድማሚት ደግሞ የእንጨት ዘንግ ተለመደ። ማግኔት ያስጠጉ፤ መዳብና ነሐስ አይያዙም።

ማግኔት ያዘ ማለት ግን መጠቅጠቂያ አይደለም ማለት አይደለም። በ1848 በአሜሪካ ቬርሞንት የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ በሠራተኞች አለቃው በፊኒየስ ጌጅ ጭንቅላት ያለፈው መጠቅጠቂያ ንጹሕ ብረት ነበር፦ ርዝመቱ 1.1 ሜትር፣ ክብደቱ 6 ኪሎ፣ አንድ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ። ዛሬም ሃርቫርድ ውስጥ ተቀምጧል።

የእጅ መሰርሰሪያን የግንበኛ መሮ ማለት

የማዕድን ቆፋሪው መሰርሰሪያ ጎኑ ስምንት ወይም ስድስት ማዕዘን ያለው ብረት ሲሆን ስለቱ አንድ ነው፤ ስፋቱም ከግንዱ ይበልጣል። በእጅ ከሚመቱት መካከል በመስቀል ቅርጽ የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ የግንበኛ ነው። የተሟላ ስብስብ ካገኙ ስለቶቹን ይለኩ፦ ብረቱ በረዘመ ቁጥር ስለቱ በጥቂቱ እየጠበበ መሄድ አለበት፤ አለዚያ ቀድሞ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ይጣበቃል። ስለቶቹ ሁሉ እኩል ከሆኑ ከየቦታው የተለቃቀመ ነው። መሃሉን ለመሃል ቀዳዳ ያለው ብረት ደግሞ በቀዳዳው ውሃ ወይም አየር ይገባበት የነበረ የማሽን መሰርሰሪያ እንጂ የእጅ አይደለም። አብሮት የሚሄደው መዶሻ ለአንድ ሰው ከሆነ እጀታው አጭር፣ ክብደቱም ሁለት ኪሎ የማይሞላ ነው፤ አንዱ ይዞ ሌላው ሲመታ ግን ረጅም እጀታ ያለው፣ ወደ አራት ኪሎ የሚጠጋ መዶሻ ነበር።

የካርባይድ መብራትን «ሴፍቲ ላምፕ» ማለት

የካርባይድ መብራት የሚነደው ካርባይድ የተባለው ድንጋይ መሰል ነገር ውሃ ሲነካው በሚያወጣው ጋዝ ነው። ነበልባሉ ገላጣ ስለሆነ ተቀጣጣይ ጋዝ ባለበት የከሰል ጉድጓድ ውስጥ አደጋ ነው። ከ1815 ጀምሮ የመጣው የዴቪ መብራት ግን ሴፍቲ ላምፕ፣ ማለትም ጋዙን እንዳያቀጣጥል የተሠራ የደህንነት መብራት ነው፤ ነበልባሉን በብረት ወንፊት ይከልላል።

አስቀድሞ በብረት ብሩሽ መፈተግ

ዝገቱ ሲነሳ ስስ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። ቀጭን ዘይት ቀብተው ይተዉትና በጨርቅ ይጥረጉ። ከዚያ ስስ ወረቀት አልብሰው በእርሳስ ጎን ቀስ ብለው ቢያሹት ዓይን ያላየው ቁጥር ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ያገኙት የአሜሪካ ፓተንት ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከሆነ፣ አንድ ሚሊዮንኛው የተሰጠው ነሐሴ 1911 ስለሆነ፣ ዕቃው ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። ቀን ብቻ ከተጻፈበት ግን ፓተንቱ የተሰጠበት ቀን ነው፤ ዕቃው ከዓመታት በኋላም የተሠራ ሊሆን ይችላል።