ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ሂዱ

በምእመናን መካከል ሐዘን ሲደርስ ቀብር ላይ መገኘት አያቅተንም። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮው ይቀርባል፤ እስከ ሠልስት ድረስ ቤቱ ሰው አያጣም። ከባዱ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ድንኳኑ ይነሣል፣ ከሩቅ የመጡት ዘመዶች ይመለሳሉ፣ እስከ አርባው ድረስ ሐዘንተኛው ከግድግዳ ጋር ይፋጠጣል።

ስለዚህ ከቀብሩ 2 ሳምንት በኋላ ያለውን ቀን በስልካችሁ ላይ መዝግቡና በዚያ ዕለት ሂዱ። ዳቦ ይዛችሁ ብትገቡ በቂ ነው። ቡናውንም እናንተው አፍሉት፤ ሐዘንተኛ እንግዳ ማስተናገድ የለበትም።

የምትናገሩት ከጠፋችሁ ዝም በሉ። የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር (ኢዮብ 2፥13)፤ ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። «ለበጎ ነው» የሚለውን ማጽናኛ እኔም ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ አሁን ትቼዋለሁ። ይልቅ የሟቹን ስም ጥሩ፤ ስለ እርሱ የምታስታውሱትን አንድ ነገር፣ ቢያስቅም እንኳ፣ አንሡ። ብዙ ሰው ስሙን መጥራት ይፈራል፤ ቤተሰቡ ግን መስማት ይናፍቃል።

«ምን ልርዳሽ?» ብላችሁም አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ምንም» ነው። «ነገ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ አመጣቸዋለሁ» በሉ። እሑድ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን መግባት የከበዳት እንደሆነ ደግሞ «በጸሎት አስብሻለሁ» ብሎ መልእክት ከመላክ በሯ ድረስ ሄዳችሁ አብራችኋት ግቡ።