የውድ ሌንስ ክዳን፦ የሚታየው ችግር፣ መንስኤውና መፍትሄው

ለሌንስ ገንዘብ ሲያጠራቅም የከረመ ሰው፣ ክዳኑ ሲጠፋበት ግን ሱቅ ገብቶ ፊት ለፊት ያገኘውን አንስቶ ይወጣል። ከዚያ ክዳኑ በየቦርሳው ውስጥ እየወለቀ ያስቸግረዋል፤ ሌላ ይገዛል፣ እርሱም አይይዝለትም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የክዳኑ ጥራት አይደለም። ክዳኑና ሌንሱ ፊት ላይ ያለው ነገር ስላልተገጣጠሙ ነው። ስለዚህ እንደገና ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ምልክቱን በደንብ ይዩ።

አዲሱ ክዳን አይገባም ወይም ገብቶ ይላላል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው መጠኑ ነው። ብዙ ሰው «የ50 ሌንስ ክዳን ስጠኝ» ብሎ ይጠይቃል። 50 ግን የሌንሱ የትኩረት ርዝመት እንጂ የአፉ ስፋት አይደለም። በ2015 የወጣው የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም የሚወስደው የ49 ሚሊ ሜትር ክዳን ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ግን 52 ነው። የካኖን 24-70 ኤፍ 2.8 ኤልም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያው 77፣ በ2012 የመጣው ሁለተኛው 82። ስለዚህ በሌንሱ ስም ብቻ አይግዙ።

ትክክለኛው ቁጥር በሌንሱ አፍ ዙሪያ ወይም በአሮጌው ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ሰያፍ መስመር ከሚያቋርጠው ክብ ምልክት ጎን ተጽፏል። ከተፋቀ ፊልተር (ሌንሱ ፊት ላይ የሚገባ ተጨማሪ መስታወት) የሚታሰርበትን ጥርስ ከዳር እስከ ዳር በማስመሪያ ይለኩና ከተለመዱት መጠኖች ቅርቡን ይውሰዱ፤ 49፣ 52፣ 55፣ 58፣ 62፣ 67፣ 72፣ 77 እና 82።

ቁጥሩ ልክ ሆኖ ክዳኑ በአንድ ወገን ይዞ በሌላው ብቅ ካለ፣ የሌንሱ አፍ ተጣሟል ማለት ነው። ቀደም ሲል በአፉ ወድቆ ወይም ተጋጭቶ ይሆናል። ፊልተር አስገብተው ይሞክሩ፤ እርሱም ካልዞረ ነገሩ ተረጋገጠ። እባክዎ በፒንሳ አያቃኑት፤ ፒንሳው ቢያመልጥዎ የሚያገኘው መስታወቱን ነው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ማቃኛ ያለው ጠጋኝ ያየው። እስከዚያው ከውጭ የሚያጠልቁት ክዳን ይበቃል።

ፊልተር ካስገባሁ ወዲህ ክዳኑ እየወደቀ ነው

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያደናግረው ይህ ነው፤ መጠኑ ልክ ነው፣ ክዳኑም ከሌንሱ ጋር የመጣው ነው፣ ትናንት ይይዝ ነበር። የተለወጠው ክዳኑ የሚይዝበት ቦታ ነው። ፊልተር ሲገባ ክዳኑ ከሌንሱ ጥርስ ላይ መያዙን ትቶ የፊልተሩን የፊት ጥርስ ይፈልጋል። ስስ ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ፊልተሮች ደግሞ የፊት ጥርስ የላቸውም። ፋብሪካዎቹ ይህን የሚያደርጉት በሰፊ ማዕዘን ሌንስ ሲነሳ የፊልተሩ ጠርዝ የሥዕሉን ማዕዘኖች እንዳያጨልም ነው፤ ለሌንሱ ጥሩ ነው፣ ለክዳኑ ግን መያዣ አይተውለትም።

መመርመሩ ቀላል ነው። ጥፍርዎን በፊልተሩ አፍ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ያሂዱ። ጥፍርዎ በጥርሶቹ ላይ እየተንኳኳ ከሄደ ጥርስ አለው፤ ለስላሳ ከሆነ የለውም። ከዚያ ፊልተሩን አውጥተው ክዳኑን በሌንሱ ላይ ይሞክሩ። እዚያ አጥብቆ ከያዘ ክዳኑ ጥፋት የለበትም።

መፍትሄው የፊት ጥርስ ያለው ፊልተር መግዛት ወይም በፊልተሩ የውጭ ዙሪያ የሚጠልቅ ክዳን መፈለግ ነው። የሚጠልቀው ሲገዛ ልኩ የፊልተሩ የውጭ ስፋት መሆኑን አይርሱ፤ እርሱም ከተጻፈው ቁጥር በጥቂት ሚሊ ሜትር ይበልጣል።

የተለያየ አፍ ያላቸው ሌንሶች ካሉዎት ሌላም መንገድ አለ። በ67ቱና በ72ቱ ሌንስ ላይ ወደ 77 የሚያሰፋ ቀለበት ያስሩና ለሁሉም አንድ ዓይነት የ77 ክዳንና ፊልተር ይጠቀሙ። ክዳን ማምታታት ያበቃል። ጉዳቱ ግን ከሌንሱ ጋር የመጣው ሁድ (ሌንሱ አፍ ላይ ገብቶ የጎን ብርሃን የሚከልል ጥላ) ብዙውን ጊዜ ከቀለበቱ ጋር አይገጥምም፤ ሁድ ለሚያዘወትር ሰው ይህን አልመክርም።

ሁዱ ላይ እያለ ክዳኑን ማንሳት አልቻልኩም

ክዳኑ ከግራና ከቀኝ ጠርዙ ላይ የሚጫኑት ዓይነት ነው። ሁዱ ሲገባ ጣት ጠርዙ ጋ አይደርስም። ከመሐል የሚቆነጠጠውን ይግዙ። ሥራው ሠርግም ሆነ ዜና፣ ሁድ ለሚጠቀም ሰው ሌላ ምርጫ ያለ አይመስለኝም። ያበጠው የፊት መስታወታቸው ከአፋቸው የሚወጣ ሌንሶች ግን፣ ለምሳሌ በ2007 የወጣው የኒኮን 14-24 ኤፍ 2.8፣ የፊት ጥርስ ስለሌላቸው ቋሚ ሁዳቸው ላይ የሚጠልቅ የራሳቸው ክዳን አላቸው። ለእነዚህ በሞዴል ስም ይጠይቁ።

ሁልጊዜ እከድነዋለሁ፣ ግን መስታወቱ ላይ ብናኝና ጭረት አለ

ክዳኑን ገልብጠው የስልክዎን መብራት ከጎን ያብሩበት። የጨርቅ ክር፣ የኪስ ብናኝ፣ በሞላው ሥርና በመቆንጠጫው ጥግ የተሰገሰገ ደቃቅ አሸዋ ያያሉ። ሌንሱ በተከደነ ቁጥር ይህ ሁሉ መስታወቱ ላይ ይራገፋል፤ ባለቤቱ ደግሞ ሳይነፋ በጨርቅ ሲወለውለው ጭረቱ ይመጣል። ከዳናኪል የተመለሰ ክዳን ላይ ጨውም ይጨመርበታል፤ ጨውና አሸዋ ሞላውን ስለሚያስሩት ክዳኑ ያረጀ ይመስላል።

ክዳኑን በሞቀ ውሃና በሳሙና፣ ጥጉን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወደ ሌንሱ አይመልሱት። መስታወቱን በጎማ መንፊያ ከነፉ በኋላ ብቻ ይጥረጉ። ክዳኑ የሚቀመጥበት፣ ሳንቲምና ቁልፍ የማይገባበት አንድ ኪስም ይለዩለት።

የኋላው ክዳን ይበልጥ ያሳስበኛል። እዚያ ያለው ብናኝ ወደ ካሜራው ውስጥ ገብቶ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ላይ ያርፋል፤ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበው፣ ለምሳሌ በኤፍ 16፣ ሰማይ ሲያነሱ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ሆነው ይታያሉ። ሌንሱ ካሜራው ላይ ሲታሰር የኋላ ክዳኑንና የካሜራውን ክዳን ፊት ለፊት አጋጥመው እርስ በርስ ይሰሯቸው፤ ውስጣቸው ተዘግቶ ንጹሕ ይቆያል። ሲገዙም የማሰሪያውን ዓይነት ይጥቀሱ። የካኖን ኢኤፍ ክዳን ለአርኤፍ ሌንስ፣ የኒኮን ኤፍ ክዳንም ለዜድ አይሆንም፤ በግድ አያስገቡት።

ተከድኖ በተቀመጠው ሌንስ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አየሁ

ሻጋታ ነው። ክዳን አቧራን እንጂ እርጥበትን አያስወግድም፤ እርጥብ ሌንስ ላይ ከገባማ እርጥበቱን አምቆ ይይዘዋል። ጎንደር ላይ በፋሲል መዋኛ ጥምቀትን ሲያነሱ ውሃ የተረጨበትን ሌንስ በጥድፊያ ከድኖ ቆዳ ቦርሳ ውስጥ መክተት፣ ከዚያም ረስቶ መቆየት፣ ሻጋታውን መጋበዝ ነው። ክረምት ሙሉ ሳይነካ ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመም እንዲሁ። ሻጋታው ሲቆይ የመስታወቱን ሽፋን ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ቢጸዳም ምልክቱ ይቀራል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሌንሱ ከረጠበ ውጭውን በደረቅ ጨርቅ አድርቀው፣ አየር ባለው ክፍል ሳይከደን ጥቂት ያቆዩት፤ ክዳኑንም ለብቻው ያድርቁ። ለረጅም ጊዜ ሲያስቀምጡ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄልና ከትንሽ የእርጥበት መለኪያ ጋር ያኑሩት። መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ ቢያሳይ ጥሩ ነው፤ ከ60 ሲያልፍ ሲሊካ ጄሉን ይቀይሩ። ውስጥ የገባ ሻጋታ የጠጋኝ ሥራ ነው።

ከቀዘቀዘ መኪና ጋምቤላን ወደመሰለ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲወጡ ደግሞ ተቃራኒውን ያድርጉ። ሌንሱ እንደተከደነ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ቀስ ብሎ ይሙቅ። ቶሎ ከከፈቱት ጤዛ ይይዘዋል።

ክዳኑ እንዳለ ወድቆ ተሰበረ

ክዳን ለጣት አሻራ፣ ለአቧራና ለቀላል ንክኪ ነው። የመውደቅን ኃይል በተወሰነ ደረጃ የሚቀበለው ሁድ ነው፤ በጉዞ ላይ ደግሞ ስፖንጅ ያለው ቦርሳ። ክዳኑ እንዳይጠፋ የሚታሰረውን ገመድ በተመለከተ፣ እኔ አልጠቀምበትም። ንፋስ ሲነሳ ክዳኑ እየተወዛወዘ ሌንሱን ይመታል፣ ትሪፖድ ላይ ያለውንም ካሜራ ያነቃንቃል። ሁለት ትርፍ ክዳን ቦርሳ ውስጥ መያዝ ይሻላል።

ፎቶዎቹ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የማይጠፋ ቀለም ያለው ነጠብጣብ አለ

መስታወት አልባ (ሚረርለስ) የሚባሉት፣ ውስጣቸው አንጸባራቂ መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች ሴንሰር ከሌንሱ ጀርባ ተጋልጦ ነው የሚውለው፤ ብዙዎቹ ካሜራው ሲጠፋም ሴንሰሩን የሚሸፍነው መጋረጃቸው (ሸተር) አይዘጋም። ክዳን የሌለው ሌንስ ፀሐይን ፊት ለፊት እያየ ጠረጴዛ ላይ ወይም ትሪፖድ ላይ ከተተወ፣ ጨረሩን ሰብስቦ ሴንሰሩን ሊያቃጥል ይችላል። በእረፍት ሰዓት፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ ይክደኑት። ነጠብጣቡ ሴንሰሩ ከጸዳ በኋላም ካለ ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት፤ የተቃጠለ ሴንሰር ይቀየራል እንጂ አይጸዳም።